ኮዳችሁ የት ያድራል?

 የዛሬውን ርእስ የመረጥሁት እኔው ነኝ፤ ቢሰለቻችሁ አዘጋጆቹን አትውቀሱ። ደግሞ ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ኮምፒውተራችሁም የሚቆጥረው በእሱ ስለሆነ።

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። ዛሬ ኮድ የጻፋችሁ እጃችሁን አውጡ። ደኅና። አሁን በብራውዘር ውስጥ የጻፋችሁ አውርዱ፤ በላፕቶፓችሁ ላይ በተጫነ ኤዲተር የጻፋችሁ ደግሞ እንዳላችሁ ቆዩ። እንደጠበቅሁት የወረደው እጅ ጥቂት ነው። ካልወረደው ውስጥ ብዙዎቻችሁ ቪኤስ ኮድን ከፍታችሁ እንደነበር ብገምት ብዙ አልሳሳትም።

ያ ኤዲተር የተወለደው ብራውዘር ውስጥ ነው። ኤሪክ ጋማ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ አለ፤ ከኬንት ቤክ ጋር ጄዩኒትን የጻፈ፣ በኤክሊፕስም ሥራ ስሙ የሚነሣ ሰው ነው። በ2011 ማይክሮሶፍት ቀጠረውና ዙሪክ ላይ ቁጭ ብሎ በድረ ገጽ የሚሠራ የኮድ መጻፊያ እንዲያበጅ ሥራ ተሰጠው። ውጤቱን ሞናኮ አሉት፤ በ2013 ለሕዝብ ወጣ። የተጠቃሚው ቁጥር ግን ማይክሮሶፍትን ለሚያህል ኩባንያ የሚያኮራ አልነበረም። እነ ጋማ ታዲያ ያንኑ የድረ ገጽ ኮድ ኤሌክትሮን ውስጥ ከተቱት። ኤሌክትሮን ማለት ራሱን የቻለ ፕሮግራም መስሎ የሚታይ፣ ሆዱ ውስጥ ግን ሙሉ ብራውዘር የያዘ ነገር ነው። ራማችሁ ለምን እንደሚያልቅ የሚገርማችሁ ካላችሁ መልሱ ይኸው ነው። በኤፕሪል 2015 ቪኤስ ኮድ ተብሎ ሲወጣ ዓለም ተቀበለው። በሜይ 2019 ደግሞ ለሁለት እንዲከፈል አደረጉት፤ መስኮቱ እናንተ ዘንድ ይቀራል፣ ፋይሉን የሚከፍተውና ኮዱን የሚመረምረው ክፍል ሩቅ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። በኦክቶበር 2021 ኤዲተሩ ተመልሶ ብራውዘር ውስጥ ገባ።

እንግዲህ “ዴስክቶፕ ይሻላል ወይስ ክላውድ” እየተባለ በየሻይ ቤቱ የሚደረገው ክርክር መነሻው የተድበሰበሰ ነው። አንድ በሚመስለው ጥያቄ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ተቀላቅለዋል። ጣታችሁ የሚጽፍበት መስኮት የት ነው? ፋይሉ የሚያድረው የት ነው? ፕሮግራሙ የሚሮጠውስ በማን ፕሮሰሰር ነው? ሦስቱ አንድ ቦታ መገኘት የለባቸውም። መስኮቱ ቦሌ፣ ፋይሉና ፕሮሰሰሩ አየርላንድ ሊሆኑ ይችላሉ። የተገላቢጦሹም አለ። ስታክብሊትዝ የሚባል ኩባንያ በ2021 ያስተዋወቀው ዌብኮንቴይነር ኖድን እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ፣ በራሳችሁ ላፕቶፕ ጉልበት ያስኬደዋል። ስታዩት ክላውድ ይመስላል፤ የሚሞቀው ግን የእናንተ ጭን ነው።

ሩቅ ባለ ማሽን ላይ መሥራትም የትናንት ግኝት አይደለም። በሜይ 1 ቀን 1964 ሊነጋጋ ሲል፣ አሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ባለው የዳርትማውዝ ኮሌጅ፣ ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ የተባሉ የሒሳብ መምህራን ቤዚክ የሚባለውን ቋንቋ አስጀመሩ፤ ከእሱ ጋርም አንዱን ኮምፒውተር ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያካፍል ሥርዓት። ተማሪው በቴሌታይፕ ይጽፋል፣ ጽሑፉ በሽቦ ሄዶ ሌላ ቦታ ባለው ማሽን ላይ ይሮጣል፣ መልሱ በወረቀት ላይ እየተንጫጫ ይመለሳል። ነገሩን የገለበጠው የግል ኮምፒውተር ነው። በ1983 ቦርላንድ ቱርቦ ፓስካልን በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም መሸጥ ሲጀምር ኤዲተሩም ኮምፓይለሩም በአንድ ትንሽ ዲስክ ተጠቃለው ጠረጴዛ ላይ ወጡ። ኮምፓይለሩን የጻፈው ዴንማርካዊው አንደርስ ሃይልስበርግ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቻችሁ እንጀራ የምትበሉበት ታይፕስክሪፕትም የእሱ ሥራ ነው።

ታዲያ ሥራውን ከጠረጴዛው ላይ ምን አስነሣው? ክብደት ነው። ጊትሃብ የራሱ መሐንዲሶች ከማክ ኮምፒውተራቸው ኮድስፔስ ወደሚባለው የክላውድ ማሽኑ እንዴት እንደተሻገሩ በኦገስት 2021 በዝርዝር ጽፏል። ዋናው ሪፖዚተሪያቸው ያኔ ዲስክ ላይ 13 ጊጋባይት ገደማ ይይዝ ነበር፤ ክሎን ማድረጉ ብቻ 20 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ሁሉም ተጭኖ፣ ሁሉም ተነሥቶ ሥራ እስኪጀመር መጀመሪያ ላይ 45 ደቂቃ ይወስድ ነበር፤ አካባቢውን አስቀድመው እያሰናዱ በመጠበቅ ወደ 10 ሰከንድ አወረዱት። በጉግል ያለው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በ2016 ሁለት መሐንዲሶቹ ባሳተሙት ጽሑፍ መሠረት የኩባንያው የጋራ ሪፖዚተሪ በ2015 መግቢያ 86 ቴራባይት ነበር፤ ውስጡ ወደ 2 ቢሊዮን የሚጠጋ የኮድ መስመር ነበረው። ይህን ማን በላፕቶፕ ይሸከመዋል? ስለዚህ ሠራተኛው የሚነካቸውን ፋይሎች ብቻ ለይቶ የሚይዝ፣ ሌላውን ከሩቅ የሚያሳይ ሥርዓት ሠሩ። አንድ ሰው በአማካይ በእጁ የሚይዘው ከ10 ያነሰ ፋይል ነበር።

ከክብደቱ ቀጥሎ የሚመጣው “እኔ ጋ ይሠራል” የሚለው ጣጣ ነው። ይህን ለእናንተ ማስረዳት የለብኝም። አንዱ ኖድ 18 አለው፣ ሌላው 22፤ አንዱ ዊንዶውስ ላይ ነው፣ ሌላው ኡቡንቱ ላይ፤ አዲስ የተቀጠረው ልጅ የመጀመሪያ ሳምንቱን ኮድ ሳይሆን ዳታቤዝ ሲጭን ያሳልፋል። ሁሉም ከአንድ ቅጂ ተነሥቶ በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ ሲሠራ ይህ ይቀላል። ክላውዱ ለድርጅቶች ያመጣው ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል፤ ፍጥነቱ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። እኛ ጋ 86 ቴራባይት የለም። እዚህ ያለው ሌላ ሒሳብ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በግማሽ ነው የሚሰላው።

“ኢንተርኔታችን ደካማ ስለሆነ ክላውድ ለእኛ አይሆንም” ይባላል። እስቲ እንቁጠረው። ላፕቶፓችሁ ላይ አንድ ተራ የሪአክት ፕሮጀክት ለማስነሣት ኤንፒኤም በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊጎትት ይችላል። አንድ የዶከር ኢሜጅ ከመቶዎች ሜጋባይት እስከ ጊጋባይት ይደርሳል። አንድሮይድ ስቱዲዮ ከነኤስዲኬውና ከነኢሙሌተሩ ብዙ ጊጋባይት ነው። ይህ ሁሉ የሚቆረጠው ከእናንተ ፓኬጅ ነው፤ መሐል ላይ ከተቋረጠም ብዙ ጊዜ ሀ ብሎ መጀመር ነው። ክላውድ ላይ ያው ጥቅል የሚጓዘው ከአንዱ ዳታ ሴንተር ወደ ሌላው ነው። ወደ እናንተ የሚመጣው ኤዲተሩ ሲከፈት ጥቂት ሜጋባይት፣ ከዚያ በኋላ የፊደልና የመስመር ለውጥ ነው። በሜጋባይት ከተቆጠረ እንግዲህ ክላውዱ ሊረክስ ይችላል።

ግን ሜጋባይት ብቻ አይደለም። ዴስክቶፕ ብዙ ዳታ ይፈልጋል፣ አንድ ጊዜ። ክላውድ ጥቂት ዳታ ይፈልጋል፣ ሁልጊዜ። እኛን የሚያስቸግረን “ሁልጊዜ” የሚለው ነው። ብዙውን አንድ ሌሊት ጠብቆ፣ ወይም ጥሩ መስመር ያለበት ቢሮ ሄዶ፣ ወይም ከጓደኛ በፍላሽ ገልብጦ ማግኘት ይቻላል። “ሁልጊዜን” በፍላሽ የሚገለብጥ የለም።

ርቀትም አለ። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በአየር ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ስለዚህ ደርሶ መልሱ፣ መሐንዲስ የፈለገውን ያህል ቢራቀቅ፣ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች አይወርድም። ገመዱ ደግሞ በአየር አይሄድም፤ እኛ ባሕር ስለሌለን መጀመሪያ ወደ ጎረቤት አገር ይወጣል፣ ለምሳሌ ወደ ጅቡቲ፤ ከዚያ በቀይ ባሕር፣ በግብፅ አድርጎ ሜዲትራኒያንን ይሻገራል። መንገዱ ይረዝማል፣ በየጣቢያውም ይዘገያል። መዘግየቱ 100 ሚሊ ሰከንድን ሲያልፍ ጣትና ዓይን ይጣላሉ።

እዚህ ላይ ነው ቅድም የነገርኋችሁ ለሁለት የመከፈል ብልሃት የሚጠቅመው። መስኮቱ እናንተ ጋ ሲሆን የጻፋችሁት ፊደል ወዲያው ይታያል፤ ሰርቨሩ በኋላ ይደርስበታል። ስሕተት የሚጠቁመው ቀይ መስመር ቢዘገይ ማንም አይሞትም። ተርሚናሉ ግን እንዲህ አይደለም። በተለመደው ኤስኤስኤች እያንዳንዱ ፊደል ሰርቨሩ ድረስ ሄዶ ተመልሶ ነው የሚታየው። በ2012 ከኤምአይቲ የወጣው ሞሽ የሚባል መሣሪያ ይህን ያቃልላል፤ መልሱን ሳይጠብቅ ፊደሉን በግምት ያሳያችኋል፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ሲመለስም ካቆማችሁበት ይቀጥላል። ሩቅ ሰርቨር ላይ የምትሠሩና ሞሽን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከዛሬው ንግግሬ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህቺን ያዙ።

አሁን ስለ መቋረጥ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ቀይ ባሕር ውስጥ በርከት ያሉ የባሕር ገመዶች ተቆረጡ። በሴፕቴምበር 2025 እንደገና ተቆርጠው ማይክሮሶፍት በአዠር ደንበኞቹ ላይ መዘግየት እንደሚታይ ራሱ አስታወቀ። አገር ውስጥም በጁን 2019 በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተዘግቶ እንደነበር፣ በጁን 30 ቀን 2020 ተዘግቶ ከሁለት ሳምንት በላይ እንደቆየ የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። በትግራይና በአማራ ክልል የሠራችሁ ደግሞ ከዚህ እጅግ የረዘመውን ታውቁታላችሁ። የዚህ አዳራሽ ጉዳይ ፖለቲካው አይደለም። ጉዳያችን ይህ ነው፦ በእነዚያ ቀናት ፋይሉ ላፕቶፑ ላይ የነበረው ሰው ለውጭ ደንበኛው ማስረከብ ባይችልም መሥራት ይችል ነበር። ፋይሉ ክላውድ ላይ ብቻ የነበረው ሰው የራሱን ኮድ ማንበብ እንኳ አይችልም ነበር።

መብራትም ከዚሁ ይቆጠራል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆያል፤ ዋይፋዩ ግን ከአምፖሉ ጋር እኩል ነው የሚጠፋው። ያን ጊዜ የስልክ ሆትስፖት ይከፈታል፣ የፓኬጁ ሒሳብም እንደገና ይጀመራል።

ስለዚህ ጊትን ያለ ስስት ተጠቀሙበት። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 ሲሠራው የእያንዳንዱ ሰው ቅጂ ሙሉውን ታሪክ እንዲይዝ አድርጎ ነው። ኮሚት ለማድረግ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ብዙ ሰው ጊትንና ጊትሃብን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ይህን ጸጋ አያውቀውም፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ኮሚት ማድረግም ያቆማል።

ለክላውዱ ያለ ማመንታት የምፈርድበት አንድ ቦታ አለ፤ ጂፒዩ የሚፈልግ ሥራ። ጉግል ኮላብ የሚባለውን በብራውዘር የሚሠራ የኮድ ደብተሩን በ2017 ለሕዝብ ከከፈተ በኋላ ነጻ ጂፒዩ ጨመረበት። ጂፒዩ መግዛት ለማይችል ተመራማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በ2019 የተመሠረተው ማሳካኔ፣ የአፍሪካ ቋንቋዎችን ለማሽን የሚያስተምረው የተመራማሪዎች ማኅበረሰብ፣ ለጀማሪ አባላቱ ያዘጋጀው የትርጉም ሞዴል ማሠልጠኛ ኮላብ ላይ የሚከፈት ደብተር ነበር። ከተለያዩ አገሮች የተሰባሰቡ፣ ብዙዎቹ ጠንካራ ማሽን የሌላቸው ሰዎች በዚያ መንገድ ሞዴል አሠለጠኑ። ይኸው ማኅበረሰብ በ2021 ያሳተመው፣ በጽሑፍ ውስጥ የሰውና የቦታ ስም የሚለየው የመረጃ ስብስብ ካካተታቸው 10 ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ላፕቶፕ ብቻ ይዘን ብንጠብቅ ኖሮ ገና እየጠበቅን ነበር። ነጻው ግን ገደብ አለው። ማሽኑ ቢበዛ 12 ሰዓት ይቆያል፤ ዝም ካላችሁትም ቀድሞ ይዘጋል፤ ሲዘጋ ድራይቭ ላይ ያላስቀመጣችሁት ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ገንዘቡስ? ኮድስፔስ ለግል አካውንት በወር 60 ሰዓት ያህል በነጻ ይሰጣል፤ ያውም ሁለት ኮር ባለው ትንሹ ማሽን። አራት ኮር ካነሣችሁ ሰዓቱ በግማሽ ይወርዳል። በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው 60 ሰዓት ከሁለተኛው ሳምንት እኩሌታ አያልፍም። ከዚያ በኋላ ክፍያው በዶላር ነው። በጁላይ 2024 መጨረሻ የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ላፕቶፑም በዶላር ነው የሚመጣው ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ዋጋው ያማል። ሆኖም አንድ ጊዜ ያማል። የወር ክፍያ ግን በየወሩ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ይጠይቃል፤ ካርዱን ማግኘት ከገንዘቡ የሚከብድባችሁ ብዙዎች ናችሁ። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ያለ ወንድም ካርዱን ሲያበድር አይቻለሁ። ያ የሥራ መሠረት አይሆንም። ወንድምየው ካርዱን በቀየረ ዕለት ሰርቨሩ ይዘጋል።

በደኅንነት ረገድ ሁለቱም ወገን የሚፎክርበት ማስረጃ አለው። ክላውድ የሚወድደው ሰው ላስትፓስን ይጠቅሳል። የይለፍ ቃል ጠባቂ የሆነው ይህ ኩባንያ በ2022 ሲዘረፍ ሌባው ከገባባቸው በሮች አንዱ የአንድ መሐንዲስ የቤት ኮምፒውተር ነበር፤ እዚያ ላይ በተጫነ የቪዲዮ ማጫወቻ ሶፍትዌር ክፍተት አልፎ የይለፍ ቃሉን ወሰደ። ኮዱና ቁልፉ በግል ማሽን ላይ ሲበተን እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል። ሚኒባስ ውስጥ ስለሚቀር ላፕቶፕማ አላወራም። ዴስክቶፕ የሚወድደው ደግሞ ጁላይ 2019ን ያነሣል። ያኔ ጊትሃብ የአሜሪካን ማዕቀብ ለማክበር ሲል በኢራን፣ በሶርያና በክሪሚያ ያሉ ሰዎች የግል ሪፖዚተሪዎቻቸውን እንዳይጠቀሙ ከለከለ። ለኢራን ልዩ ፈቃድ የተገኘው በጃንዋሪ 2021 ነው። ሰዎቹ ያጠፉት ነገር የለም፤ የሚኖሩበት ቦታ ነው የቆጠረባቸው።

ከሁሉ በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ አገልግሎት ሟች መሆኑ ነው። ክላውድ ናይን በ2010 አምስተርዳም ውስጥ ተጀመረ፤ በብራውዘር ኮድ ለሚጽፍ ሰው በዘመኑ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። በ2016 አማዞን ገዛው፤ በጁላይ 2024 ለአዲስ ደንበኛ በሩን ዘጋ። ግሊች፣ ጀማሪዎች ድረ ገጽ ሠርተው ወዲያው ለዓለም የሚያሳዩበት ደስ የሚል ቦታ፣ በጁላይ 2025 የሰውን ፕሮጀክት ማስተናገድ አቆመ። ዴስክቶፑም ከሞት አያመልጥም፤ ጊትሃብ አተም የሚባለውን ኤዲተሩን በዲሴምበር 2022 ቀብሮታል። ልዩነቱ፣ አተም ከተቀበረ በኋላም ማሽናችሁ ላይ የተጫነ ቅጂ ሊከፈት መቻሉ ነው። የተዘጋ ሰርቨር አይከፈትም።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። ቦታ መምረጥ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ቀዳሚው ጉዳይ የሥራ አካባቢያችሁ ተጽፏል ወይ የሚለው ነው። ኪራይ ቤት የለመደ የአዲስ አበባ ሰው ዕቃውን በአንድ ቀን ካርቶን ውስጥ አስሮ መውጣት ያውቃል፤ ፕሮግራመሩ ግን ላፕቶፑ ርስት ይመስለዋል። ለዓመታት አንድ ነገር እዚህ ይጭናል፣ አንድ መቼት እዚያ ይነካካል፣ የዳታቤዙን የይለፍ ቃል የሆነ ፋይል ውስጥ ይወሽቃል፤ ምን እንዳደረገ የተጻፈ ነገር የለም። ላፕቶፑ የተሰረቀ ዕለት የጠፋው ኮዱ አይደለም፤ ኮዱ ጊትሃብ ላይ አለ። የጠፋው ኮዱን የሚያስነሣው ዕውቀት ነው። ክላውድ የሚጠቀመውም ከዚህ አያመልጥም። ኮድስፔስ ውስጥ ገብቶ በእጁ የሚጭን፣ የጫነውንም የማይጽፍ ሰው ያው ነው። እንዲያውም የባሰ ነው፤ ሳይነካ 30 ቀን የቆየ ኮድስፔስ፣ መቼቱን ካልቀየራችሁት በቀር፣ በራሱ ይሰረዛል። ፑሽ ያልተደረገው አብሮ ይሄዳል።

መጻፊያው ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም። ዴቭ ኮንቴይነር የሚባል ክፍት መስፈርት አለ፤ አንድ የጄሰን ፋይል ነው፣ ሪፖዚተሪያችሁ ውስጥ ይቀመጣል። የትኛው የሊኑክስ መነሻ፣ የትኛው የፓይተን ወይም የኖድ ስሪት፣ የትኞቹ ማከያዎች፣ ሲከፈት የሚሮጠው ትእዛዝ፣ ሁሉም እዚያ ይጻፋል። ያው ፋይል ኮድስፔስን ያስነሣል፤ ያው ፋይል ዶከር ባለበት የራሳችሁ ላፕቶፕም ላይ ይሠራል። እዚህ ላይ ነው የዴስክቶፕና የክላውድ ጠብ የሚበርደው። መስመሩ ጥሩ በሆነ ቀን ክላውድ ላይ፣ በጠፋ ቀን ላፕቶፑ ላይ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሩ የሚለወጠው ማሽኑ ብቻ ይሆናል። ዶከር ለአራት ጊጋ ራም ይከብዳል፤ ይህን አልክድም። ዶከር የማይችል ላፕቶፕ ካላችሁ ሁሉንም የሚጭን የሼል ስክሪፕት ጻፉ፤ እሱም ካቃተ በሪድሚ ፋይል ውስጥ በአማርኛም ቢሆን ቅደም ተከተሉን ጻፉት። የተጻፈ ማናቸውም ነገር በጭንቅላት ብቻ ካለው ይሻላል።

ቦታ ምረጥልን ካላችሁኝ በአጭሩ እንዲህ እላለሁ። የስልክ መተግበሪያ የምትሠሩ ዴስክቶፕ ላይ ቆዩ፤ ስልኩን በኬብል ሰክቶ መሞከርን የሚተካ ነገር የለም። አርዱዊኖና የመሳሰለውን የምትነካኩም እንዲሁ፤ ቦርዱ ያለው እጃችሁ ላይ ነው። ሞዴል የምታሠለጥኑ ክላውድ ተጠቀሙ። ስልክ ብቻ ይዞ “5 ሚሊዮን ኮደርስ” በሚባለው አገር አቀፍ ሥልጠና ለተመዘገበ ልጅ ደግሞ “መጀመሪያ ላፕቶፕ ግዛ” ማለት በሩን መዝጋት ነው፤ በብራውዘር የሚሠራ መጻፊያ ይክፈት፣ ፊደሉ ቢጠብበትም የመጀመሪያውን ፓይተን እዚያ ይጻፍ። ላፕቶፑ ሲገኝ ይገኛል። ቀሪዎቻችሁ፣ ማለትም የድረ ገጽና የሰርቨር ሥራ የምትሠሩት፣ ኮዱ ሁለቱም ቦታ ይደርላችሁ፤ ሌሊቱን አንዱ ብቻ ጋ አታሳድሩት።

ስለ ኤአይ አለማንሣቴ የገረማችሁ ትኖራላችሁ። ከ2025 ወዲህ ሥራ ተቀብለው ራሳቸውን ችለው የሚጽፉ ወኪሎች በርክተዋል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የሚሮጡት ክላውድ ላይ በሚከፈትላቸው ጊዜያዊ ማሽን ውስጥ ነው። ወኪሉ ላፕቶፓችሁን አይቶት አያውቅም፤ ምን እንደጫናችሁ አያውቅም። የሚያውቀው ሪፖዚተሪው ውስጥ የተጻፈውን ብቻ ነው። አካባቢው ካልተጻፈለት ማሽኑን ለማሰናዳት ሲንደፋደፍ ሰዓታችሁንና ዶላራችሁን ይጨርሳል።

ከመውረዴ በፊት የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ ከአንድ ሰዓት የሚያልፍ አይመስለኝም። የጓደኛችሁን ላፕቶፕ ተዋሱ፣ ወይም ነጻውን ኮድስፔስ ክፈቱ። አሁን የምትሠሩትን ፕሮጀክት ክሎን አድርጉና ወደ ራሳችሁ ማሽን ሳትመለከቱ፣ ለማንም ሳትደውሉ ለማስነሣት ሞክሩ። መጀመሪያ የምትደናቀፉት፣ እገምታለሁ፣ ጊት ውስጥ እንዳይገባ ሆን ብላችሁ በደበቃችሁት የምስጢር ቁልፎች ፋይል ነው። ቁልፎቹን አትጻፉ፤ ስማቸውን ብቻ የያዘ ናሙና ፋይል አስቀምጡ። ቀጥሎ ዳታቤዙ ይመጣል፤ ስሪቱ የትም አልተጻፈም፣ ሰንጠረዦቹንም የምትፈጥረው ትእዛዝ ያለችው በአሮጌ የቴሌግራም መልእክት ውስጥ ነው። ከዚያ ወርዳችሁ ወርዳችሁ፣ ከዓመት በፊት በእጃችሁ የጫናችሁትና ስሙን የረሳችሁት አንድ ላይብረሪ ያቆማችኋል። የተደናቀፋችሁበትን ሁሉ እዚያው ፋይሉ ውስጥ ጻፉትና ኮሚት አድርጉ። ማይክሮፎኑን ወደ ኋላ ወንበር አድርሱልኝ፤ ቅድም እጃቸውን ካወረዱት ጥቂቶች አንዱ የሆነው ወጣት ጥያቄ ያለው ይመስላል።